አንዱ ይማራል፣ ሁለቱ ይመረቃሉ

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከላይ ሲያዩት የትምህርት ጉዳይ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን የትዳር ጉዳይ ነው። በተለይ በአሜሪካ የሚኖሩ ባለትዳሮች በጥሞና እንዲያነቡት እንለምናለን።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሌሎችም አካባቢዎች በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ በረዳትነት የሚሠሩ እኅቶችና ወንድሞች አሉን። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የተመደቡት ኦቲዝም፣ የመማር ችግር ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል ነው። ልጁን ከአውቶቡስ ይቀበላሉ፣ ያበላሉ፣ ሲረበሽ ያረጋጋሉ፣ ፊደል ያስጠናሉ። እንግዲህ ከእነዚህ መካከል አንዲት እኅት ማታ ቤት ገብታ ለባልዋ፣ "ዲግሪ ይዤ የልዩ ፍላጎት መምህርት ልሁን" ብትለው ምን ይመልስላታል? ብዙ ጊዜ መልሱ፣ "ሥራውን እየሠራሽው አይደል? ወረቀቱ ምን ይጨምርልሻል?" የሚል ነው። ይህን የሚለው በክፋት አይደለም። የቤት ኪራይ አለ፤ ሕፃናት አሉ፤ እርሱም መኪና ሲነዳ አምሽቶ ደክሞት የገባ ሰው ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ ጥያቄህ ተገቢ ስለሆነ በሚገባ ሊመለስልህ ይገባል።

ወረቀቱ ምን ይጨምራል?

በአሜሪካ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለበት ልጅ ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብቱ የተረጋገጠለት በቅርብ ጊዜ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ከትምህርት ቤት የተከለከሉ ሰባት ልጆች በወላጆቻቸውና በአሳዳጊዎቻቸው በኩል ክስ መሥርተው ነበር። የከተማው ትምህርት ቦርድ ገንዘብ የለኝም ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ ግን እ.ኤ.አ. በ1972 በሰጡት ፍርድ፣ ገንዘብ ካነሰ ጉድለቱ በጉዳተኞቹ ልጆች ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ሊከብድ አይገባም አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1975፣ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ለመላ አገሪቱ የሚያገለግለውን ሕግ ፈረሙ። ምክር ቤቱ ያን ጊዜ እንደገለጸው 1 ሚሊዮን ያህል ልጆች ጨርሶ ከመንግሥት ትምህርት ውጭ ነበሩ።

ይህ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሻሻል ኦቲዝም ራሱን ችሎ በስም ተጠቀሰ። ዛሬ በሕጉ መሠረት ለእያንዳንዱ ልጅ የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅለታል፤ በተለምዶ አይ.ኢ.ፒ. የሚባለው ነው። ልጁ አሁን ምን እንደሚችል፣ በዓመቱ ምን ላይ ሊደርስ እንደታሰበ፣ ምን ዓይነት እርዳታ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሰጠው ተጽፎ ይቀመጣል። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ ልጁም ቢያንስ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ወላጅና ትምህርት ቤቱ አያስፈልግም ብለው ካልተስማሙ በቀር፣ እንደገና ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዕቅዱ ለስም ያህል ብቻ የሆነ እድገት የሚያስገኝ እንዳይሆን፣ ከልጁ ሁኔታ ጋር የተመጣጠነ እድገት እንዲያመጣ የሚያስችል እንዲሆን ወሰነ።

አሁን ወደ ጥያቄህ እንምጣ። ያንን ዕቅድ በሚያወጣው ስብሰባ ላይ ሕጉ ለወላጅ ወንበር መድቧል፤ ለመደበኛው መምህር መድቧል፤ ለልዩ ፍላጎት መምህሩም መድቧል። ለረዳቷ ግን አልመደበላትም፤ ከተጠራች ትገኛለች፣ ካልተጠራች በሩ ላይ ትቀራለች። ልጁ ጫማውን ማሰር የጀመረበትን ቀን የምታውቀው እርስዋ ሆና ሳለ፣ የዓመቱን ግብ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። ሕጉ ረዳቶች በመምህር እየተመሩ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። በልዩ ፍላጎት መምህርነት ለመቀጠር ግን ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪና የስቴቱን የመምህርነት ፈቃድ ይጠይቃል።

ይህ ሥርዓት የወጣው ሰውን ለማጉላላት አይደለም። ፍቅር ያለው ሰው ልጁን ያቅፈዋል፤ የተማረ ሰው ደግሞ ልጁ ለምን እንደሚጮኽ መርምሮ ያውቃል፤ በቃል መናገር የማይችለውን በሥዕል ጠይቆ እንዲያገኝ ያስተምረዋል። ልጁ ሁለቱም ይገባዋል። ሚስትህ ፍቅሩን አስቀድማ ይዛዋለች፤ አሁን የምትለምንህ ሁለተኛውን ነው።

መንገዱ የትኛው ነው?

ዲግሪና ፈቃድ አንድ እንዳልሆኑ አስቀድማችሁ እወቁ። ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው። ስለዚህ አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት፣ "ይህ ፕሮግራም እኛ በምንኖርበት ስቴት ለልዩ ፍላጎት መምህርነት ፈቃድ ያደርሳል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በተለይ በኢንተርኔት ከሌላ ስቴት የሚሰጥ ትምህርት ከሆነ ይህ ጥያቄ እንዳይቀር። ፈቃዱም ዓይነት ዓይነት አለው። ለምሳሌ በቨርጂኒያ መደበኛውን ሥርዓተ ትምህርት በእርዳታ ለሚከታተሉ ልጆችና ትምህርቱ ለእነርሱ ተስተካክሎ ለሚቀርብላቸው ልጆች የሚሰጠው ፈቃድ ይለያያል።

ዲግሪ የሌለው ሰው ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር ይችላል። የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይጠይቃል፤ ግማሽ ያህሉን በአነስተኛ ክፍያ እዚያ ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ማዛወር ይቻላል። እየሠራ የሚማር ሰው በዓመት 6 ኮርስ ቢወስድ፣ እያንዳንዱም 3 ክሬዲት ቢሆን፣ 18 ክሬዲት ይሆናል። በዚህ ስሌት ማብቂያው ወደ ሰባት ዓመት ይጠጋል። ቁጥሩን የጻፍነው ልናስፈራችሁ ብለን ሳይሆን አብራችሁ እንድትቆጥሩት ነው። በበጋው የትምህርት ቤት እረፍት ኮርስ የሚጨምር ሰው ዘመኑን ያሳጥራል።

ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ከዜሮ የሚጀምር እንዳይመስለው። የትምህርት ማስረጃው ስቴቱ በሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት ይገመገማል። ከዚያ በኋላ በማስተርስ ዲግሪ በኩል፣ ወይም እያስተማሩ በሚማሩበት አማራጭ መንገድ መግባት ይቻላል። የፌዴራሉ ደንብ በአማራጭ መንገድ ያለ ሰው በቂ ክትትልና ሥልጠና እየተሰጠው እስከ ሦስት ዓመት ድረስ በመምህርነት እየሠራ ትምህርቱን እንዲጨርስ ይፈቅዳል። በየስቴቱ የሚጠየቀው ፈተና የተለያየ ነው፤ የጣት አሻራና የወንጀል ምርመራም አይቀርም።

ሌላም በር እየተከፈተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የቴነሲ ስቴት መምህርነትን እየሠሩና ደመወዝ እየተቀበሉ የሚሠለጥኑበትን ፕሮግራም በፌዴራል መንግሥት በማስመዝገብ ቀዳሚ ሆነ፤ ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋል። ረዳት የሆንሽ እኅቴ፣ የምትሠሪበት የትምህርት ጽሕፈት ቤት ለሠራተኞቹ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ወይም የትምህርት ክፍያ እገዛ እንዳለው ነገ ጠዋት ጠይቂ።

ገንዘቡስ?

በመጀመሪያ ፋፍሳ የተባለውን ቅጽ ሙሉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለውና ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ የሚሰጠው ፔል ግራንት በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፤ የማይመለስ እርዳታ ነው። ቲች ግራንት የሚባለው ደግሞ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር የሚደርስ ሲሆን፣ ውል አለበት። ተቀባዩ ከትምህርቱ በኋላ ባሉት ስምንት ዓመታት ውስጥ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ መምህር በሚያጥርበት የትምህርት ዘርፍ አራት ዓመት ማስተማር አለበት፤ ልዩ ፍላጎት ከእነዚህ ዘርፎች አንዱ ነው። ውሉን ካልፈጸመ ገንዘቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወለድ የሚታሰብበት ብድር ይሆናል። ስለዚህ ሁለታችሁም ሳታነቡት አንዳችሁ ብቻ እንዳትፈርሙ! የፌዴራል ብድር የወሰደና መስፈርቱን ያሟላ የልዩ ፍላጎት መምህርም፣ በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ካስተማረ እስከ 17,500 ዶላር ሊሰረዝለት ይችላል።

ቤቱ የሚከፍለው

ግንብ ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን እንዲያሰላ ጌታ በምሳሌ ማስተማሩን እናስታውሳለን (ሉቃ. 14)። የዚህ ግንብ ወጪ በዶላር ብቻ አይለካም።

ከሁሉ የሚከብደው የልምምድ ማስተማሩ ወቅት ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይፈጃል፤ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ መገኘትን ይጠይቃል፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ደመወዝ የለውም። አንዳንድ ቤቶች ስድስት ዓመት ተጉዘው እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ምክንያቱም ለዚያ ሴሚስተር ያስቀመጡት ገንዘብ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለዚያ ወቅት ብቻ የሚሆን ትንሽ ቁጠባ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ወንድሜ ሆይ፣ ሙሴ እጁ ሲዝል አሮንና ሖር ግራና ቀኝ ሆነው እጁን ደግፈው እንደያዙ ታውቃለህ (ዘጸ. 17)። ሚስትህ ማክሰኞ ማታ ፈተና ካላት፣ ማክሰኞ እራቱም የልጆቹ ማስተኛም የአንተ ነው። "ልርዳሽ?" ብለህ አትጠይቃት፤ ቀኑ የአንተ መሆኑን አስቀድመህ ተቀበል። እኅቴ ሆይ፣ አንቺም የቤትሽን ሰው በመጽሐፍ አትሸፍኚው። በሳምንት አንድ ምሽት መጽሐፉ ተዘግቶ ለትዳራችሁ ይሁን። ተማሪው ባል በሚሆንበት ቤትም ሕጉ ያው ነው፤ እንዲያውም ሚስት ድካሟን ውጣ ዝም እንዳትል ባል ደጋግሞ ሊጠይቃት ይገባል። አበው፣ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ። ሁለት ሰው የተካፈለው ሸክም ትዳርን ያጠነክራል፤ አንዱ ብቻ የተሸከመው ግን ከዲግሪው ጋር ቂምንም ያስመርቃል።

ቆም በሉ የምንልበትም ጊዜ አለ። የምትማሩት ለደመወዙ ብቻ ከሆነ፣ ቆም በሉ፤ ሥራው ወረቀት የበዛበት፣ አንዳንድ ቀን ተነክሰውና ተቧጥረው የሚመለሱበት ነው። ሕፃን ገና ከተወለደ፣ ወይም ትዳሩ በሌላ ነገር ቆስሎ ከሆነ፣ አንድ ዓመት ማዘግየት መሸነፍ አይደለም። "አይሆንም" እና "ገና ነው" ግን ለየብቻ ናቸው፤ ሁለተኛውን ስትሉ ቀኑን ቆርጣችሁ ተናገሩ።

በጉባኤያችን ያሉ ልጆች

በመጨረሻም ከቤታችሁ አልፎ ስለሚሄደው በረከት ጥቂት እንበል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ልጃቸው ስለሚጮኽ እሑድ ከቤት የሚቀሩ ወላጆች አሉ። "በእርግማን ነው" የሚል ቃል ሰምተው አንገታቸውን የደፉ እናቶች አሉ። በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ ያልገባቸውን ወረቀት አንገታቸውን እየነቀነቁ የሚቀበሉ አባቶች አሉ። ሕጉ ግን ትምህርት ቤቱ በስብሰባው ላይ ለወላጅ የሚያስፈልገውን አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድም የመጀመሪያውን ምርመራ አያካሂድም። ይህን በአማርኛ፣ በእርጋታና በእውቀት የሚነግራቸው አንድ የተማረ ሰው በጉባኤው ውስጥ መኖሩ ለስንት ቤት እፎይታ ነው!

እንግዲህ ባለትዳሮች ሆይ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሻይ አፍሉና እነዚህን አራት ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጻፉ። ስንት ዓመት ይፈጃል? ደመወዝ የማይገባበት ሴሚስተር በምን ይታለፋል? በሳምንት የትኞቹ ምሽቶች የማን ናቸው? ድካም ሲበዛ ለማን እንነግራለን? መልሱን በሁለታችሁ እጅ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። የምረቃው ቀን ሲደርስ ጋውኑን የሚለብሰው አንዱ ይሆናል፤ ፎቶግራፉ ላይ ግን ሁለታችሁም ቁሙ።

እስከሚቀጥለው እትም ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።