ሞተሩ ሲግል አልነሣም ስለሚል አውቶሞቢል

ጧት በብርዱ ወዲያው ተነሥቶ እንደ ልብ ሲሄድ የቈየ አውቶሞቢል፥ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ሲመለሱበት አልነሣም ቢል፥ ባለመኪናው ባትሪው አረጀ፥ ወይም ሞተሪኖው ተበላሸ ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የቤንዚን ነው፤ ይኸውም ካርቡራተር ባላቸው መኪናዎች፥ ይልቁንም በአዲስ አበባ በታክሲነት ብዙ ዘመን ባገለገለችው በላዳ ላይ ይታያል።

እኔም አንድ ቀን ትኩሳት የያዘውን ልጄን ወደ ሐኪም ስወስድ፥ እናቱን ከመሥሪያ ቤቷ ለመቀበል ጥቂት ቆምሁ። ከዚያ በኋላ ላዳዬን ባስነሣት እንቢ አለች። ደንግጬ የነዳጁን መርገጫ ደጋግሜ ብረግጥ ባትሪው ደከመ፤ ልጁንም በሰው መኪና አደረስነው። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ «መኪናዪቱ ጠግባ ሳለች እርስዎ ጨምረው አጠጧት» ብሎ ምክንያቱን አስረዳኝ።

ሞተር ሲሠራ ውሃውና ማራገቢያው ያበርዱታል። በቆመ ጊዜ ግን ሁለቱም ሥራቸውን ስለሚተዉ፥ የጋለው ብረት ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። በላዳ ካርቡራተሩ ያለው ከጭስ መውጫው ብረት በላይ ነውና ሙቀቱ በቶሎ ይደርሰዋል። የቤንዚን ቀላሉ ክፍል ከ40 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይፈላል። ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፥ ቤንዚንም በቆላ ከሚፈላበት ባነሰ ሙቀት ይፈላል።

ከዚህ የሚመጣው ደዌ ሁለት ዐይነት ነው፤ መድኃኒቱም ይለያያል።

አንደኛው፥ በካርቡራተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን ገንፍሎ ወደ ሞተሩ ሲፈስ ነው። ምልክቱ ብርቱ የቤንዚን ሽታና የራሰ ካንዴላ ነው። በዚህ ጊዜ የአየር መዝጊያው ክፍት መሆኑን አይቶ፥ መርገጫውን እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ረግጦ ሳይለቁ ማስነሣት ይገባል፤ አየር በብዛት ገብቶ ትርፉን ያስወጣዋልና። ደጋግሞ መርገጥ ግን በየጊዜው ሌላ ቤንዚን ይጨምራል። ሞተሪኖውንም ከ10 ሰኮንድ በላይ ሳያስጮኹ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፥ ቤንዚኑ በቧንቧውና በፓምፑ ውስጥ እንፋሎት ሆኖ መንገድ ሲዘጋ ነው፤ ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። ምልክቱ የቤንዚን ሽታ አለመኖር፥ ወይም ተነሥቶ ወዲያው መጥፋት ነው። ለዚህ ኮፈኑን ከፍቶ ሩብ ሰዓት መታገሥ፥ የራሰ ጨርቅም በፓምፑና በቧንቧው ላይ ማኖር ይረዳል። በጋለው ሞተር ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላልና።

ቤንዚን በሚሸትበት ስፍራ ክብሪት መጫር ፈጽሞ አይገባም፤ በውጭ ሲንጠባጠብ ከታየም ሳይጠገን ማስነሣት አደጋ ነው።

ደዌው ቢደጋገም የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊና መርፌው፥ ከካርቡራተሩ በታች ያለው የሙቀት መከላከያም ይመርመር፤ ቧንቧውም ከጭስ መውጫው ይራቅ።

ስለዚህ ባለመኪና ሁሉ ከእግሩ አስቀድሞ አፍንጫውን ይጠይቅ። መኪና ለሚነዱ ቤተ ሰቦቹም ይህን አስቀድሞ ያስተምር፤ በሽተኛ በመኪና ውስጥ ተኝቶ ሲጠብቅ የመማሪያ ጊዜ አይገኝምና።