«ድንገተኛ» አትበሉብኝ

ባለፈው ክረምት መርካቶ ሰልባጅ ከሚሸጡ ልጆች አንዱ ጋር ለአንድ ጃኬት ግማሽ ሰዓት ተከራከርኩ። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ዝናብ የማያሳልፍ፤ የአንገቱ ዚፕ ብቻ ትንሽ ያስቸግራል። ልጁ «ይሄ ለበረዶ የተሠራ ነው ወንድሜ፣ የአዲስ አበባ ዝናብ ለሱ ቀልድ ነው» አለኝ። ቦንዳው በየት በኩል እንደገባ እኔም አልጠየቅኩም፣ እሱም አልነገረኝም፤ መርካቶ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይወድም። ቤት ወስጄ ሳጥበው እጅጌው ላይ የተሰፋች አንዲት ጠንካራ ነገር እጄን ነካችኝ። የጣት ርዝመት ያላት ስስ ቁራጭ ናት፤ ላይዋ ላይ በላቲን ፊደል «ሬኮ» ተብሎ ተጽፎባታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መከታተያ መስላኝ ደነገጥኩ።

ፎቶ አንስቼ ዴንቨር ለሚኖር አብሮ አደጌ በቴሌግራም ላክሁለት። ሳቀብኝ። «የስኪ ጃኬት ነው የገዛኸው። የበረዶ ናዳ ከቀበረህ በሷ ነው የምትገኘው» አለኝ። ባትሪ የላትም። የነፍስ አድን ሠራተኞች ከላይ ሆነው ሞገድ ይልካሉ፣ እሷ ትመልሳለች፣ ሰውየው የት እንዳለ ይታወቃል። ሐሳቡ የመጣው ስዊድን ውስጥ ኦሬ በምትባል የስኪ መንደር እ.ኤ.አ. በ1973 ናዳ ሰው ከቀበረ በኋላ ነው።

ጃኬቱን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ቆየሁ። ሰው ሊቀበር ይችላል ብሎ አስቀድሞ ያሰበ፣ ከተቀበረም እንዲገኝ ልብሱ ላይ ምልክት የሰፋ ዓለም አለ ማለት ነው። ያውም ለመዝናናት ተራራ ለወጣ ሰው! ያኔ ትዝ ያለችኝ ቆሼ ናት።

በጊዜው ልጅ ለነበራችሁ ላስታውሳችሁ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ፣ ረጲ ያለው የቆሻሻ ተራራ አንድ ጎኑ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ፓርላማው የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። የበረዶ ናዳ የቀበረው ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከተገኘ ከ10 ሰው 9ኙ ይተርፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ የሚተርፈው ከ3 ሰው አንድ ያህል ነው። ሬኮ የምትባለዋ ቁራጭ የተሠራችው ለዚያ ሩጫ ነው። ቆሼ ላይ ፍለጋው ቀናት ፈጀ። ዘመድ ኤክስካቫተር አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ይህ ለምን እኔን ያንገበግበኛል? የአባቴ ሱቅ ምናለሽ ተራ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው፣ ከቆሼ የተለቀመው፣ ብረቱ፣ ጠርሙሱ፣ ቆርቆሮው፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ይደርሳል። ከቆሼ ሰኞ ሰኞ የምትመጣ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ የሃይላንድ ፕላስቲክ ተሸክማ ትመጣለች፣ ትመዘናለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። አባቴ ደብተሩ ላይ «የሃይላንዷ» ብሎ ነው የሚጽፋት። ስሟን ጠይቀናት አናውቅም።

የዚያ ዓመት የካቲት ውስጥ አንድ ሰኞ ሻይዋን ይዛ «ጋሼ፣ ተራራው ሰሞኑን ደስ አይለኝም» አለችው። «ከሥር ይሞቃል፣ ከላይ ይሰነጠቃል። ትናንት እግሬ ሥር ጉም ሲል ሰማሁት።» አባቴም «አንቺ ደግሞ! ሃምሳ ዓመት የቆመ ነገር ዛሬ ሊወድቅ ነው?» አላት። እኔ ሚዛኑ ጋ ቆሜ ሳቅሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከመጋቢት 2 በኋላ ያለው ሰኞ አልመጣችም። የሚቀጥለውም ሰኞ። አባቴ «አገሯ ሄዳ ይሆናል» አለ፤ ሁለታችንም ሌላ ነገር አላልንም።

እንግዲህ ዜናው ላይ «ድንገተኛ አደጋ» የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው። ድንገተኛ ማለት ማንም ሊያውቀው የማይችል ማለት ነው። ይሄኛውን አንዲት ማዳበሪያ የተሸከመች ሴትዮ አውቃዋለች። ነዋሪዎቹም ያኔውኑ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ትንንሽ መደርመሶች ነበሩ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሞቶባቸዋል። ሁለት ሦስት ሰው! ለእኛ ቁጥሩ ስላነሰ ዜና አልሆነም። የስኪ ሰዎች ግን በአንድ ነገር አይከራከሩም፦ አንድ ዳገት በቅርቡ ተንዶ ከሆነ፣ ዳገቱ እንደገና ሊናድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምልክት የለም። ሌሎቹ ምልክቶች ደግሞ ምን ምን መሰሏችሁ? እግር ሥር የሚሰማ ጉም የሚል ድምፅ፣ ከእርምጃህ ፊት የሚሮጥ ስንጥቅ፣ በአንድ ሌሊት የተጫነ አዲስ በረዶ፣ የአየሩ ድንገት መሞቅ። ኮርስ ከፍለው የሚማሩት ይህንን ነው። የሃይላንዷ በነፃ ነገረችን።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። በተራራ ላይ ያለ በረዶ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ በየጊዜው የጣለው እየተደራረበ ይቆማል። ከሥር አንድ ልፍስፍስ ንጣፍ ካለ፣ ላዩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢመስል ዋጋ የለውም። አይሱዙ ላይ ካርቶን ሲደረደር አይታችሁ የለ? ከሥር ያለችው አንዷ ካርቶን ከራሰች ከላይ ያለው ሁሉ ቆሞ የሚጠብቀው ጉድጓድ ብቻ ነው። ዳገቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ፣ ያ ጉድጓድ የአንድ ሰው ክብደት ሊሆን ይችላል። ቆሻሻም ያው ነው፤ የራሰ፣ የሚበሰብስ፣ ውስጡ ጋዝ የቋጠረ፣ ላዩ ላይ ደግሞ በየቀኑ የሚራገፍበት።

ከቆሼ በኋላ ክርክሩ «ማን ነካው» ነበር። ለቃሚዎቹ ሥሩን ቆፍረው ነው የሚል ነበረ። ቦታውን ሲደለድል የነበረው ዶዘር ነው የሚልም ነበረ። እኔ የምጠይቀው ማን ጫነው ብዬ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የዚህ ከተማ ቆሻሻ፣ በዓመት 300 ሺህ ቶን ገደማ፣ እዚያ 36 ሄክታር ላይ ተከምሯል። በ2008 ዓ.ም. ወደ ሰንዳፋ መጣል ተጀምሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ ጥቂት ወራት ሳይሞላው የጭነት መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገበሬዎቹን አልወቅስም። ግን «መኪናዎቹ ይመለሱ» ብሎ የወሰነ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የወሰነው። በረዶ ከሰማይ ይወርዳል፤ ይሄኛው በደብዳቤ ነው የወረደው። የመርካቶም ቆሻሻ አለበት፣ የእኔም ቤት ፌስታል አለበት። እዚያ ተራራ ላይ አንድም ቀን ሳንወጣ ሁላችንም ቆመንበታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የአውሮፓ ተራራማ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአንድ መለኪያ ተስማምተው ይጠቀማሉ፤ የበረዶ ናዳ ስጋት ከ1 እስከ 5። በስዊዘርላንድ ዳቮስ ያለው የበረዶ ምርምር ተቋም በክረምታቸው በየቀኑ ያወጣዋል። ሰው ቡናውን እየጠጣ «ዛሬ 3 ነው» ይላል፣ ልክ እኛ የዶላር ምንዛሪ እንደምንለው። ታዲያ ብዙ ሰው የሚሞተው ስንት ሲሆን ይመስላችኋል? 5 ሲሆን አይደለም። 5 ሲሆን ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል። ብዙው ሞት 3 ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ትናንት ሌላ ሰው የሄደበት፣ «እስከዛሬ ምን ሆነ» የሚባልበት ቀን። ኢያን ማካሞን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ700 በላይ የናዳ አደጋዎችን ሲያገላብጥ፣ የተማሩ ሰዎች እንኳ በሚያውቁት ዳገት ላይ ሲሆኑ ጥንቃቄያቸውን እንደሚጥሉ አይቷል። «ሃምሳ ዓመት የቆመ ነገር» ያለው አባቴ የዶክትሬት ዲግሪ ካላቸው ስኪተኞች ጋር እኩል ተሳስቷል። ትንሽ ተጽናናሁበት፣ ብዙ አይደለም እንጂ።

ቆሼ ሁሌም 3 ነበረች። ሥራ የማያስቆም፣ ሰው የሚገድል 3።

እዚህ ጋ የምታነሱትን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ራሴም ስንት ሌሊት አንስቼዋለሁ። «ስኪተኛው ቁጥሩን አይቶ ይመለሳል። የሃይላንዷ ወዴት ትመለስ? ቤቷ እዚያ፣ እንጀራዋ እዚያ። ቁጥር ለድሃ ምን ይሠራለታል?» እውነት ነው። ይህ ክርክር ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሁሌ ወደ አንድ ቦታ ይወስደናል፦ ድሃው ስለማይንቀሳቀስ አደጋውን ባንለካውም ለውጥ የለውም። ኧረ! ተቃራኒው ነው። መመለስ የሚችል ሰው ቁጥሩን የሚፈልገው ለራሱ ነው። መመለስ ለማይችል ሰው ቁጥሩ የሚያስፈልገው ሌላው እንዲንቀሳቀስለት ነው። ቁጥሩ 4 ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ የራገፈ ሾፌር፣ ያዘዘው አለቃ፣ ከአለቃው በላይ ያለው ሰው፣ ማናቸውም «ድንገተኛ» የሚል ቃል አይተርፋቸውም። ቁጥር የማይወጣውም በገንዘብ እጥረት ብቻ አይመስለኝም። የተጻፈ ነገር ተጠያቂ ያደርጋል።

«ሕገ ወጥ ሰፋሪዎች ናቸው» የሚለውን መልስ ደግሞ ላጭረው፦ ናዳ ካርታ አያይም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የሆነውን አስቡ። ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ከባድ ዝናብ ጥሎ መጀመሪያ የተናደው መሬት ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ጮኸ፣ አገር ደረሰ፤ በአካፋ፣ በእጅ፣ በጥፍር መቆፈር ተጀመረ። ያኔ ነው ዳገቱ ሁለተኛ የመጣው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ነበሩ። ይህንን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ እነዚያን ሰዎች «ለምን ሄዱ» የሚል አፍ የለኝም። እኔም ብሆን እሮጣለሁ። ሰው «ድረሱልኝ» ብሎ ጮሆ የማይሄድ ጎረቤት እኛ አገር ሰው አይባልም። ነገር ግን ተራራማ አገሮች ውስጥ የነፍስ አድን ቡድን መሪ የመጀመሪያ ሥራው ቀና ብሎ ከላይ የቀረውን ዳገት ማየት ነው፣ አንድ ሰው ደግሞ ዓይኑን ከዳገቱ ሳይነቅል እንዲቆም ይደረጋል። አንድ ሰው፣ አንድ ፊሽካ። ይህንን ለገጠር ቀበሌ ለማስተማር ሄሊኮፕተር አያስፈልግም። ሻማ ስናበራ፣ ፕሮፋይላችንን ጥቁር ስናደርግ ከርመን ፊሽካውን ማንም አላነሳም። እኔም ጥቁር አድርጌ ነበር፣ አልዋሽም።

ባለሙያ የለንም አትበሉኝ። ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት አለን፣ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለን፣ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አለን፣ ከተማዋም የራሷ እሳትና አደጋ ኮሚሽን አላት። የስዊዘርላንዱ ተቋም ራሱ ዳቮስ ተቀምጦ ሁሉን አያይም፤ በየሸለቆው ወደ 200 የሚጠጉ ታዛቢዎች አሉት፣ ጠዋት ተነስተው በረዶውን ለክተው የሚደውሉ። እኛ ታዛቢዎቹ ቀድመው አሉን። ቆሼ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚውል ለቃሚ ስንጥቅ የት እንደተከፈተ፣ ጭስ የት እንደጨመረ ከማንም በላይ ያውቃል። ሜትር ስጡት፣ ስልክ ቁጥር ስጡት፣ በወር የሆነች ብር ስጡት፣ ሲደውል የሚያነሳ ሰው መድቡ። ከ1 እስከ 5 አንድ ቁጥር በየቀኑ ይውጣ፣ ያወጣው ሰው ይፈርምበት፤ 4 ሲሆን መኪና አይራገፍ፣ ከሥር ያለው ቤተሰብ በመንግሥት ወጪ ሌላ ቦታ ይደር። ቁጥሩ አንዳንዴ ይሳሳታል። የዳቮሱም ይሳሳታል። «ባለፈው 4 ብላችሁ ምንም አልሆነም» ብሎ የሚሳለቅ ሰው ይኖራል፤ እኔ የምሳለቅበት ሰው ያ ይሁን።

ከቆሼ አንድ ወር በኋላ ኮሎምቦ የቆሻሻ ተራራ ተናደ። በዓመቱ ማፑቶ። እ.ኤ.አ. በ2024 ካምፓላ። ሦስቱም ከተሞች ከሥሩ ቤቶች ነበሯቸው።

ባለፈው ሳምንት ሱቅ ቁጭ ብለን አባቴን የድሮ ደብተሮቹን አውጣልኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። የ2009ኙን ራሱ አገላበጠና ገጹ ላይ ጣቱን አሳረፈ። የካቲት 27፣ ሰኞ፣ «የሃይላንዷ፦ ቀሪ 64 ብር»። የሌሎቹ ሒሳቦች ሁሉ ላይ የተዘጋ ለመሆናቸው መስመር ተሰምሮባቸዋል። የሷ ላይ የለም። ደብተሩን ዘግቶ ወደ ቦታው መለሰው፣ እኔም ደንበኛ መጥቶ ስለነበር ወደ ሚዛኑ ሄድኩ።