ስለ ልጆቻችን ሽርሽር፤ «ገንዘብ የለም» ከማለታችን በፊት



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ስለ ጥበቃ መዋጮ፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻና ስለ ግቢው መብራት ብዙ ከተነጋገርን በኋላ አንዲት እናት ተነሥተው «ኧረ ስለ ልጆቻችንም አንድ ነገር እናንሣ፤ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ከዚህ ግቢ ወጣ አድርገን ብናናፍሳቸው ምን ይለናል?» ብለው ነበር። ወዲያው ከኋላ ወንበር «ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ የምን ሽርሽር ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩም በሳቅ ተዘጋ። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቄ አሳፈረኝ። ስለዚህ ያን ዕለት ሳልናገር የቀረሁትን ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ልናገረው ፈለግሁ።

የኔ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው። ልጆቻችንን ቤት ያስቀራቸው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ሽርሽር ማለት የግድ ብዙ የሚከፈልበት ቦታ መሄድ ነው ብለን ማመናችን አንዱ ምክንያት ነው፤ አስቀድመን አለማሰባችን ደግሞ ሁለተኛው። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለወጥ ብቻ አልነበረም።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «ልጆቼን ላስደስት» ብዬ ከከተማ ወጣ ያለ አንድ የመዝናኛ ሥፍራ ወሰድኳቸው። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ከቤት የወጣነው ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንደርስ ምሳ ሰዓት አልፏል። በር ላይ ለእያንዳንዳችን ከፈልን። ምግብ አዝዘን እስኪመጣ ትንሿ ልጄ አልቅሳ አልቅሳ ተኛች፤ ምግቡ ሲመጣ አልነቃችም። ውኃ እንኳ ሱቅ ከምንገዛበት ዋጋ በብዙ እጥፍ ነበር። ማታ በጨለማ ስንመለስ ትልቁ ልጅ መኪና ውስጥ አስመለሰው። ለሁለት ሳምንት አስቤዛ የሚበቃ ገንዘብ በአንድ ቀን ወጣ። በማግሥቱ እናታቸው «ትናንት በጣም የወደዳችሁት ምኑን ነው?» ብትላቸው ትልቁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጉንዳኖቹን!» አለ። መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ረድፍ ይዘው የሚሄዱ ጉንዳኖች አይቶ ኖሯል። ጉንዳን ለማየት ያን ሁሉ ከፈልኩ ማለት ነው።

በዓመቱ ደግሞ መስከረም ውስጥ በታክሲ ወደ እንጦጦ ወጣን። ገና ክረምቱ መውጣቱ ስለነበር ከተራራው ቀጭን ጅረት ይወርዳል። ልጁ ቆም ብሎ አየና «አባዬ፣ ይህን ውኃ ማን ከፈተው? ዛሬ የኛ ፈረቃ ነው እንዴ?» አለኝ። በመጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ውኃ ከቧንቧ በቀር ከሌላ ቦታ ይመጣል ብሎ አያውቅም። አራተኛ ፎቅ ላይ ተወልዶ፣ በደረጃና በመኪና ማቆሚያው መሐል ያደገ ልጅ ከየት ያውቀዋል? እኛ ወላጆች ብዙዎቻችን በልጅነታችን ወንዝ ተሻግረናል፤ ጥጃ ጠብቀናል፤ ሾላ ለቅመናል። ልጆቻችን ግን የሚያውቁት ኳስ በመቱ ቁጥር «መኪና ትሰብራላችሁ!» ተብለው የሚባረሩበትን አስፋልት ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ የምንነጋገረው ስለ ቅንጦት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዕቅዱ ልለፍ። ትንንሽ ልጆች ላለው ሰው የሚበጀውን ከራሴ ልምድና ከጎረቤቶቼ ከሰማሁት አሰባስቤአለሁ።

አንደኛ፣ ርቀቱና ሰዓቱ በትንሹ ልጅ ይለካ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በመኪና ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቀመጥ ይሰለቻል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ነገር ሁሉ አይጥመውም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ወጥቶ ከቀኑ 8 ሰዓት ቤት መመለስ ነው ደጉ። ጠዋት መንገዱ ቀለል ይላል፤ ፀሐዩም አይበረታም፤ ልጁም እንቅልፉን ከመለሰ በኋላ በታክሲ ውስጥ ይተኛል። በአንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል። ሦስት ቦታ ለማየት የሮጠ ቤተሰብ አንዱንም አላየም።

ሁለተኛ፣ ስንቅ ከቤት ይያዝ። የሽርሽርን ወጪ ከፍ የሚያደርገው መንገዱ ሳይሆን ምሳው ነው። ዳቦ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል፣ የድንች ቅቅል፣ ሙዝና ብርቱካን፣ በምሳ ዕቃ የተያዘ ፍርፍር ቢኖር ልጅ ሌላ አይጠይቅም። ውኃም በብዛት ይያዝ። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን ለትልልቆቹ ብቻ ይሁን፤ ትንንሾቹን እየሮጡ ሲበሉ ያንቃቸዋል። አሮጌ ጋቢ ለመቀመጫ፣ ቅያሪ ሱሪ፣ ሶፍት፣ ለሚያስመልሰው ልጅም ፌስታል አይረሳ። ቆሻሻችንንም በዚያው ፌስታል መልሰን እንምጣ።

እዚህ ላይ ለአባቶች አንድ ቃል አለኝ። ሽርሽር ተብሎ እናቶች ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተው ሲጋግሩና ሲቀቅሉ አድረው፣ ቀን ሕፃን አዝለው ውለው፣ ማታ ዕቃ የሚያጥቡ ከሆነ ያ ለእነሱ ሽርሽር አይደለም፤ የወጥ ቤቱ ሥራ ቦታ ቀየረ እንጂ። ድንች መቀቀልና ዕቃ ማጠብ ለማንም አይከብድም። ሸክሙንም ሕፃኑንም እንካፈል።

ሦስተኛ፣ ቦታው። ከመሐል ከተማ ሳንወጣ ልጆቻችን ያላዩት ስንት ነገር አለ! ለምሳሌ የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎን መንገድ እንውሰድ። ምሥጢሩ ከላይ መጀመር ነው። በታክሲ እስከ ስድስት ኪሎ ወጥቶ ቁልቁል በእግር መውረድ ለልጅ ጉልበት ይቀላል። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ፤ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ እጅ የተጨፈጨፈው ሕዝባችን መታሰቢያ ነው። ለሕፃን ሁሉም አይነገረውም፤ ግን «እዚህ የምናስታውሳቸው ሰዎች አሉ» ብንለው ይበቃዋል። ከዚያ ዝቅ ሲባል አምስት ኪሎ አካባቢ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ግድም የሚገመተው ድንቅነሽ የምትታወቀው በዚህ ነው። ለተመልካች የሚቀርበው አምሳያዋ ነው፤ ቢሆንም ልጆች ከጎኗ ቆመው ቁመታቸውን ሲለኩ ማየት ራሱ ደስ ያሰኛል፤ አንድ ሜትር ግድም ብቻ ነበረችና። ከሙዚየሙ ወጥቶ ወደ ታች ሲወረድ አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ይገኛል። ከኀዘኑ ሐውልት ተነሥቶ እስከ ድሉ ሐውልት በእግር መውረድ ከመጽሐፍ የበለጠ ትምህርት ነው። ወጪው የታክሲና የሙዚየም መግቢያ ብቻ፤ ታቅፈነው የምንሄደው ልጅ በታክሲ አይከፈልበትም።

ሁለተኛው ቦታ እንጦጦ ነው። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይወጣል። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የንጉሡ አሮጌ ቤተ መንግሥት እዚያው ናቸው። የባሕር ዛፉን ጫካ ሲያዩ ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣና በምኒልክ ዘመን መስፋፋት የጀመረ መሆኑን ለትልልቆቹ ልጆች ንገሯቸው። ከላይ ሆነው ከተማዋን ቁልቁል እያዩ «የኛ ቤት የቱ ነው?» ሲሉ ግማሽ ቀን ያልቃል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋልና ጠዋት ብርድ አለው፤ ቆብና ሹራብ ይያዝ። ልጅ ቶሎ ቢደክመው አትቆጡ፤ ከፍታው ነው።

አራተኛ፣ የጋራ ጉዞ። ራቅ ያለውን ደግሞ በማኅበር እንሂድ ነው የምለው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሆራ፣ ቢሾፍቱና ባቦጋያ የተባሉት ሐይቆች አሉባት። የጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በከፈተው ጉድጓድ ውኃ ሞልቶ ነው ሐይቅ የሆኑት። ልጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይፈጣል። ነገር ግን ወላጆች ልብ በሉ፤ እንደዚህ ያለ ሐይቅ ዳሩ ጥልቅ እንዳልሆነ መስሎ ጥቂት ርምጃ ሲገባ ወዲያው ይጠልቃል። ስለዚህ ልጅ ውኃ ውስጥ አይግባ። ከሐይቁ አጠገብ ለሁለት ልጅ አንድ ዐዋቂ ይመደብ፤ መኪና ላይ ሲወጣና ሲወረድ ልጆች ይቆጠሩ፤ በየኪሳቸውም የወላጅ ስልክ ተጽፎ ይግባ። ከሐይቁ ዳር ብዙው ቦታ በሆቴልና በሎጅ የተያዘ ስለሆነ ከሳምንት በፊት አንድ ሰው ተልኮ የምናርፍበትን ሥፍራ፣ የመግቢያውን ዋጋና የመጸዳጃውን ሁኔታ አይቶ ይምጣ። ስንቅ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነም ይጠይቅ፤ በር ላይ ደርሶ መጨቃጨቅ የልጆችን ቀን ያበላሻል። ከመስቀል በኋላ በሆራ የእሬቻ በዓል የሚከበርበት እሑድ ደግሞ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስለሆነ ለሕፃናት ሽርሽር ሌላ ቀን እንምረጥ።

ገንዘቡስ? ለሒሳብ ያህል የአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የቀን ኮንትራት 12,000 ብር ነው እንበል። 10 ቤተሰብ ቢካፈለው ለአንድ ቤት 1,200 ብር ይደርሳል። ይህ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ያስደነግጣል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከዕድር ክፍያ ጋር በየወሩ 200 ብር ቢቀመጥ ግን ፋሲካ ሳይደርስ ሞልቶ ይጠብቀናል። ዕጣ የሌለው የሽርሽር ዕቁብ በሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ አይደል የሚባለው?

«ጤፍ ተወድዶ» ያሉትን ወንድማችንን አልወቅሳቸውም። እውነታቸውን ነው። ከመካከላችን እሑድም የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች አሉ፤ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ፤ 200 ብሩም የሚከብዳቸው አሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ደንብ ይውጣ እላለሁ፤ ወላጁ መክፈል ስላልቻለ ወይም ሥራ ስለያዘው የሚቀር ልጅ አይኑር። ልጁን ጎረቤት ይዞት ይሂድ። የጎደለውንም መዋጮ ገንዘብ ያዡ ብቻ ይወቀው፤ ስም አይጠራ። አለበለዚያ የሄደው ልጅ ሰኞ ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስለ ሐይቁ ሲያወራ፣ ያልሄደው አጠገቡ ሆኖ ይሰማል። እንዲህ ከሆነ ባንጀምረው ይሻላል።

እንግዲህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። መጀመሪያ በመጪው ጥቅምት ወር በአንዱ እሑድ፣ የሚችል ሁሉ ልጆቹን ይዞ በታክሲ ስድስት ኪሎ እንውጣና አብረን ቁልቁል እንውረድ። ለዚህ መዋጮ አያስፈልግም፤ የሙዚየሙን የመግቢያ ሰዓት አስቀድሜ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሁለተኛ፣ ይህ ከተሳካ የቢሾፍቱውን ቁጠባ ጀምረን ከፋሲካ በኋላ፣ የማንንም ጾምና በዓል በማይነካ እሑድ፣ አብረን እንጓዝ።

የተስማማችሁ በዚህ ሰሌዳ ሥር በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ የብሎክና የቤት ቁጥራችሁን፣ የልጆቻችሁንም ብዛትና ዕድሜ ጻፉ። ያልተስማማችሁም ምክንያታችሁን ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበታለን። ብቻ አሁንም በሳቅ እንዳንዘጋው አደራ። ያቺ እናት ለጠየቁት ጥያቄ እስካሁን መልስ አልሰጠናቸውም።

ቸር እንሰንብት።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ፣ የሁለት ልጆች አባት