የላክሮስ ባለቤቶች ሰንደቅ ዓላማ የት ይውለብለብ?

የአውሮፓ ብሔራዊ ቡድኖች የሚፎካከሩበት የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ላክሮስ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ በ2017 በፊንላንዷ ቱርኩ ከተማ መካሄዱ ይታወሳል። በዚህ ስፖርት እያንዳንዱ ቡድን ከግብ ጠባቂው ጋር ስድስት ተጫዋቾችን ያሰልፋል፤ ተጫዋቾቹም ጫፉ ላይ መረብ በተወጠረበት ዱላ የጎማ ኳስ እየተቀባበሉ ግብ ለማስቆጠር ይታገላሉ። ኳሱን የያዘው ወገን በ30 ሰከንድ ውስጥ መምታት ስላለበት ጨዋታው ፋታ የለውም።

የአውሮፓ አገሮች ሰንደቅ ዓላማ በዚህ መድረክ ሲውለበለብ ግን የጨዋታውን ባለቤቶች ማስታወስ ተገቢ ነው። ላክሮስ አውሮፓውያን ሰሜን አሜሪካን ከመርገጣቸው በፊት የዚያ ምድር ነባር ሕዝቦች ጨዋታ ነበር። ከእነርሱም አንዱ የሆነው፣ ስድስት ሕዝቦችን ያቀፈው የሆዴኖሾኒ ኅብረት ጨዋታውን የፈጣሪ ስጦታና የሕመም ፈውስ አድርጎ ያከብረዋል። የቤት ውስጡ ዓይነት ደግሞ በ1930ዎቹ በካናዳ የተጀመረ ሲሆን፣ ዓላማው የበረዶ ሆኪ አዳራሾች በሞቃቱ ወራት ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ ነበር።

ሆዴኖሾኒዎች ከ1990 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና በራሳቸው ስም ይሳተፋሉ። ሆኖም በ2010 ብሪታኒያ የራሳቸውን ፓስፖርት አልቀበልም በማለቷ ከማንችስተሩ ሻምፒዮና ቀርተዋል። የያዙት ሰነድ ዋጋ ሲያጣ ምን እንደሚሰማ በስደት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ያም ሆኖ በ2015 የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮናን በገዛ ምድራቸው በኦኖንዳጋ አስተናገዱ፤ ከእንግዶቻቸውም መካከል በርካታ የአውሮፓ ቡድኖችና ቱርክ ይገኙበታል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። በ2018 የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ የወጣው ይህ ቡድን ከ2022ቱ የዓለም ጨዋታዎች ውጪ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ነገሩን የለወጠችው በ2020 ቦታዋን በፈቃዷ የለቀቀችላቸው አየርላንድ ናት። ሜዳሊያ ሳታገኝ ያተረፈችው ክብር ከሜዳሊያ አያንስም።

አሁን ፈተናው በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ተደቅኗል። ላክሮስ ወደ ኦሊምፒክ ቢመለስም፣ ደንቡ የተሳትፎ በር የሚከፍተው እውቅና ላላቸው ብሔራዊ የኦሊምፒክ ኮሚቴዎች ብቻ ነው፤ ሆዴኖሾኒዎች ደግሞ ይህ የላቸውም። ለአንዱ ከተፈቀደ ሌላውም ይጠይቃል የሚል ስጋት የሚያነሱ አሉ። ነገር ግን ስፖርቱን ለዓለም ያበረከተና ለአሥርተ ዓመታት በራሱ ስም የተወዳደረ ሕዝብ ጥያቄ ከሌላው ጋር በአንድ ሚዛን ሊታይ አይገባም።

የአውሮፓ ፌዴሬሽኖች በተዋሱት ጨዋታ ዋንጫ ያነሳሉ። እንግዲህ አየርላንድ ብቻዋን ያደረገችውን በአንድ ድምፅ ቢደግሙት፣ ብድራቸውን ከመመለስ ያለፈ ነገር አልተጠየቁም።