ከማሕሙድ ሃይቤ በላይ የሚለካው አየር

ማሕሙድ ሃይቤ ከሶማሌላንድ መዲና ከሐርጌሳ ወረዳዎች አንዱ ነው። የወረዳው ሰው እንደ ከተማዋ ሁሉ ዓመቱን በዝናብ ይቆጥራል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ጉ፣ በክረምቱ ወራት ከረን፣ ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ ደይር ይጠበቃል። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ የሚታየው የማሮዲ ጄህ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ስለሚያልፍ ግን በአንድ ሌሊት የወረደ ኃይለኛ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ድርቁንም ጎርፉንም የሚሸከመው ያው አንድ ሰው ነው።

ከዚህ ሰው በላይ፣ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ አየሩን የሚለኩ ስድስት ትናንሽ ሳተላይቶች አሉ። የታይዋንና የአሜሪካ የጋራ ሥራ ናቸው፤ አሜሪካኖቹ ኮስሚክ 2፣ ታይዋናውያኑ ፎርሞሳት 7 ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ከፍሎሪዳ ሲመጥቁ ምሕዋራቸው ከምድር ወገብ በ24 ዲግሪ ብቻ እንዲያዘነብል የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። የሞቃታማው ምድር አየር፣ በተለይም እርጥበቱ፣ ለትንበያ ባለሙያዎች ሁልጊዜ ፈተና ስለሆነ፣ ልኬቱ እዚያው እንዲበዛ ተፈለገ። ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚገኙ ሁሉም በዚህ የልኬት መቀነት ውስጥ ናቸው። ሳተላይቶቹ በመቀነቱ ላይ በቀን ከ4,000 በላይ ልኬቶችን ሲሰጡ ቆይተዋል።

ዘዴው ሬዲዮ ኦክልቴሽን ይባላል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው መኪናና ስልክ የሚመራውን ሞገድ ያለማቋረጥ ይልካሉ። ዝቅ ብሎ የሚበር ሌላ ሳተላይት፣ የጂፒኤሱ ሳተላይት ከምድር ጠርዝ ጀርባ ሲጠልቅ ወይም ከዚያ ሲወጣ፣ ሞገዱን አየሩን ሰንጥቆ ሲመጣ ይቀበለዋል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የገባ ማንኪያ ተሰብሮ እንደሚታየው ሞገዱም ጥቅጥቅ ባለው አየር ውስጥ ሲያልፍ ይጎብጣል፣ ይዘገያልም። መጉበጡ ከምድር አጠገብ እንኳ አንድ ዲግሪ ገደማ ቢሆን ነው። ያችን ትንሽ ለውጥ በአቶሚክ ሰዓት ለክቶ፣ ከላይ እስከ ታች ያለውን የሙቀት፣ የግፊትና የእርጥበት መጠን ማስላት ይቻላል። አንዱ ልኬት በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሞገዱ ደመናም ዝናብም አያግደውም፤ በባሕርም በበረሃም ላይ እኩል ይሠራል። የአየር ፊኛ የሚለቅ ጣቢያ ለሌለው አገር ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ማሰብ አይከብድም።

ሐሳቡ መጀመሪያ የተሞከረው በምድር ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር ከማርስ ጀርባ ስትሰወር የላከችው ሞገድ የማርስ አየር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ገለጠ። በጂፒኤስ ሞገድ የምድርን አየር መለካት የተቻለው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ነው። ከዚያ ጀርመኖች ቻምፕን በ2000 ላኩ፣ በ2006 ደግሞ ታይዋንና አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳተላይቶች አመጠቁ። አውሮፓውያንም በዚያው ዓመት ሜትኦፕ በተባለው ሳተላይታቸው ላይ መቀበያ ገጠሙ።

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ከታሪኩ ሁሉ የሚያደንቀው ግን የሰዎቹን አሠራር ነው። ቻምፕ የሰበሰበውን መረጃ ስድስት ማዕከላት፣ ማለትም ኮፐንሃገን፣ ዳርምሽታት፣ ፖትስዳም፣ ፓሳዴና፣ ቦልደርና ግራትስ ያሉት፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስሌት አስልተው ውጤታቸውን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ዓላማው ልዩነቱ የት እንዳለ በግልጽ ማየት ነበር። የአየር ንብረት ለውጥ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚያመጣው የሙቀት ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያነሰ በመሆኑ፣ መሣሪያው ራሱ ቢያዛባ ማንም አያውቅም ነበር። ይህ ዘዴ የሚለካው ጊዜን ስለሆነ፣ የዛሬውን ልኬት ከ20 ዓመት በኋላ ከሚመጣው ጋር ማወዳደር ይቻላል። የአውሮፓ የትንበያ ማዕከልም ሌሎች ሳተላይቶችን የሚያርመው ይህን ልኬት መልሕቅ አድርጎ ነው።

በቅርቡ ደግሞ የበለጠ አስገራሚ ነገር ተሠራ። ባለሙያዎቹ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር 2022 በዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን ልኬት ሁሉ አንድ ላይ አጠራቀሙ። የመንግሥትም የግል ኩባንያም፣ የአሜሪካም፣ የአውሮፓም፣ የታይዋንም፣ የቻይናም ሳተላይቶች ያዩት በአንድ ቋት ገባ፤ በቀን 35,000 ያህል ልኬት ሆነ። ሙከራው ሮሜክስ ይባላል፤ ልኬቱ ሲበዛ ትንበያው ምን ያህል እንደሚሻሻል የዓለም ማዕከላት የሚፈትሹበት ነው። ቤጂንግና ታይፔ በሌላ ጉዳይ ይህን ያህል ሲተባበሩ ማየት ያስቸግራል።

ወደ ሐርጌሳ ስንመለስ፣ እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ታይዋን በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ውስጥ የነበራትን መቀመጫ ያጣችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሶማሌላንድም በ1991 ነጻነቷን ብታውጅም የድርጅቱ አባል አይደለችም። ሁለቱም ከአዳራሹ ውጭ ናቸው። በ2020 ታይዋን ሐርጌሳ ላይ፣ ሶማሌላንድ ደግሞ ታይፔ ላይ ጽሕፈት ቤት ከፈቱ፤ የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኙ የሶማሌላንድ ተማሪዎችም ወደ ታይዋን ይጓዛሉ። የሐርጌሳን ሰማይ የሚለካው የጋራ ፕሮጀክት አንዱ ባለቤት ሐርጌሳ ውስጥ ቢሮ አለው ማለት ነው። የሁለቱ ወዳጅነት ሲነሳ በብዛት የሚወራው ግን ስለ ዲፕሎማሲ ነው። ስለ አየሩ የሚነሳው ጥቂት ነው።

አየሩ መነሳት ነበረበት። በሜይ 2018 በኤደን ባሕረ ሰላጤ የተወለደው ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት ሁሉ ወደ ምዕራብ ርቆ፣ አውዳል ውስጥ ሉግሃያ አካባቢ ምድር ነካ። በሶማሌላንድ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ የአርብቶ አደሩ ግመልና ፍየል ተጠርጎ ሄደ፣ ጅቡቲ ከተማ የዓመት ዝናቧን ያህል በአጭር ጊዜ ተቀበለች። በዚያ ወቅት በ2006 የተላኩት ሳተላይቶች አርጅተው ልኬታቸው ቀንሶ ነበር፤ አዲሶቹ ስድስት ደግሞ የሚያመጥቃቸው ሮኬት ስለዘገየ ገና ምድር ላይ ነበሩ። የዓለም ዓይን በሞቃታማው ምድር ላይ በደከመበት ጊዜ ነው ሳጋር የመጣው።

ይህን ሲሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አዲሶቹ በሥራ ላይ እያሉ፣ በኖቬምበር 2020፣ ጋቲ የተባለው ሌላ አውሎ ነፋስ ፑንትላንድን መታ፤ በግማሽ ቀን ውስጥ ያደገበት ፍጥነት ባለሙያዎችን አስደንግጧል። አንድ ልኬት በአግድም 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋን አየር አማካይ የሚያሳይ እንጂ የአንድ ሰፈርን ጎርፍ የሚናገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) ሐምሌ ማለቂያ ደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሌሊት ሲወርር ከ250 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳተላይቶች ከመጠቁ አራት ወር እንኳ አልሞላቸውም ነበር፤ ቢሞላቸውም ያን ሌሊት ብቻቸውን አያድኑም። ከላይ የሚያስፈልገው ሰፊው ሥዕል ነው፣ ከታች የሚያስፈልገው ደግሞ የዝናብ መለኪያ፣ የወንዝ መለኪያና ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው። የሶማሊያ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች በእርስ በርሱ ጦርነት ፈርሰዋል፤ የተወሰኑትን የዝናብ መለኪያዎች መልሶ የተከለው በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሥር ያለው ስዋሊም ነው። ያንን መቀጠል ከሁሉ በፊት ይመጣል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ውጭ አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግዛው መንግሥቱ ጽዱና ባልደረቦቻቸው ከጀርመኑ የካርልስሩኸ ተቋም ጋር ሆነው በኢትዮጵያ ሰማይ ያለውን የውሃ ትነት በጂፒኤስ፣ በአየር ፊኛና በፀሐይ ብርሃን በሚሠራ መሣሪያ ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በዋሸራ ቤተ ሙከራው፣ የአየሩን የላይኛውን፣ በኤሌክትሪክ የተሞላ ክፍል ያጠናል። የማግኔት ወገብ በዚህ ቀጠና ስለሚያልፍ ዓለም ለዚህ ሰማይ ልዩ ፍላጎት አለው፤ ኮስሚክ 2 ይህንንም ክፍል ይለካል። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2019 ያመጠቀችው የራሷ ሳተላይት ፎቶ ለማንሳት እንጂ ይህን ለመለካት የተሠራ ባይሆንም፣ ዕውቀቱን የሚረዱ ሰዎች አሏት።

እንግዲህ የጎደለው ብዙ አይደለም። መረጃው በነጻ ይገኛል፤ ቦልደር ያለው ማዕከልና የታይዋን ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው ማዕከል ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ናቸው። ታይፔ ለሶማሌላንድ ከምትሰጠው የትምህርት ዕድል ጥቂቱን ለሜትሮሎጂ ብትመድብ፣ የተመረቁትም ሐርጌሳ ተመልሰው ናድፎር በተባለው የአደጋ ዝግጁነት መሥሪያ ቤት ቢቀጠሩ፣ ጅግጅጋ ካሉት የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ጋርም በየሳምንቱ ቢነጋገሩ፣ ትልቅ ስምምነት መፈረም አያስፈልግም። ደመናው በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ ፓስፖርት አያሳይም፣ ጎርፉም እንደዚያው። የዕውቅናው ጥያቄ በዲፕሎማቶች እጅ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የሚቀጥለው የጉ ዝናብ ግን እሱን አይጠብቅም፤ ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት ሦስት ወጣቶች ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው በራሳቸው ሰማይ ላይ የተለካውን ማንበብ መጀመር አለባቸው።