ቦዩ ይቆጠራል፤ ግጦሹስ?

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ካደረገ በኋላ፣ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ጥበቃውን በጉልበት ወይም በገንዘብ በተገኘ ግንባታና ቋሚ መሻሻል ላይ አሳርፎታል። ይህ ለሸዋ ሮቢት የመስኖ ገበሬ አይከፋም፤ የቆፈረው ቦይ ለካሳ ገማች ይታያል። በይፋት ቆላ ከብት የሚያሰማራው አርብቶ አደር ግን በግጦሹ ላይ የሚቆጠር አሻራ አይተውም። ንዑስ አንቀጽ 5 ከመፈናቀል ቢጠብቀውም፣ በንዑስ አንቀጽ 8 የታዘዘው ተመጣጣኝ የቅድሚያ ካሳ ለግል ንብረት ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የወል ይዞታ ካሳ በአጠቃቀሙ እንዲሰላ ማድረጉ በእርግጥ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ የግጦሽ ካሳ ስፍራ ራሱ አንቀጽ 40 ሊሆን ይገባል። ይኸው አዋጅ ቀዳሚውን አዋጅ ቁጥር 455/1997 ሽሮ እንደ መጣ ሁሉ፣ ነገ በሌላ ሊሻር ይችላል፤ የቦዩን ባለቤት ካሳ ግን ተራ አዋጅ አይነጥቅም።