የባላገር ዜማ ወደ ፊልም ሲገባ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ እማርበት በነበረው የመንዝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ። ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያን ዘመንና ከዚያም ቀደም ብሎ ከደቡብ ሕንድ፣ በተለይም ኬረላ ከተባለው ግዛት የመጡ መምህራን እስከ ሩቅ አውራጃዎች ድረስ ተሠማርተው ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። መምህራችን የደጋውን ብርድ ከቶ አልለመዱትም። ማታ ማታ የመንዝ ባና ተከናንበው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን የካሴት ማጫወቻቸውን ይከፍታሉ፤ እኛም ከአጥሩ ሥር ቆመን እናዳምጣለን። በመጀመሪያ የምናዳምጠው ለመሳቅ ነበር። ቋንቋው አይገባንም፤ ድምፁም ወጥቶ ሲወርድ፣ ተጠማዝዞ ሲመለስ አስቂኝ ይሆንብናል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ሳቁ ቀረና ዝም ብለን መስማት ጀመርን። እኔን ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ጥልቅና የተረጋጋ የአንድ ወንድ ድምፅ ነበር። ዘፋኙ ኬ. ጄ. ዬሱዳስ መባሉን፣ ዘፈኖቹም የፊልም ዘፈኖች መሆናቸውን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አንድ ቀን መምህራችን ትምህርቱን ቀደም ብለው ጨረሱና፣ «የእኔን አገር ዘፈን ስትሰሙ ከርማችኋል፤ እስቲ እናንተም የእናንተን አሰሙኝ» አሉን። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። አውድማ ላይ በሬ ሲያበራዩ የሚባለውን፣ ገብስ ሲታጨድ በደቦ የሚዜመውን፣ እረኛ ከብቱን ሲያግድ የሚያንጎራጉረውን ሁሉ እናውቅ ነበር፤ ዳሩ ግን እነዚህ «የባላገር» ናቸው፤ በክፍል ውስጥ፣ ያውም በውጭ አገር መምህር ፊት ማሰማት ያሳፍራል ብለን አሰብን። በመጨረሻ ከወደ ግሼ የመጣ አንድ ልጅ ከደብተሩ መያዣ ውስጥ ዋሽንቱን አወጣና ይነፋ ጀመር። መምህራችን በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ተነሥተው በጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት ነጥቦችን እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ አድርገው ሣሉ። «ይህን እኛ ሞሃነም እንለዋለን» አሉ። ደወሉ ተደወለና ወጣን።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በደቡብ ሕንድ የሙዚቃ ሥርዓት ራጋ የሚባል ነገር አለ። ሞሃነም ከራጋዎቹ አንዱ ሲሆን የሚመላለሰው በአምስት ድምፆች ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች ደግሞ በእኛ አገር ሜጀር ትዝታ ከምንለው ቅኝት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። ሆኖም ከዚህ ተነሥታችሁ አንዱ ሕዝብ ከሌላው ወሰደ እንዳትሉ፤ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት በቻይናም በስኮትላንድም ይገኛል። ደግሞም ራጋ የድምፆች ደረጃ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ እንዴት እንደሚወጣ፣ የቱ ላይ እንደሚያርፍ፣ የትኛው እንደሚርገበገብ የሚወስን የራሱ ጠባይ አለው። የእኛም ትዝታ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ደረጃው አንድ ይሁን እንጂ አወጣጡና አወራረዱ ይለያያል። ቢሆንም ያ የእረኛ ልጅ በዋሽንቱ ያወጣው ዜማ በሕንድ ታላላቅ የሙዚቃ ሊቃውንት ዘንድ ስምና ማዕርግ ያለው የድምፅ መንገድ መሆኑን ያን ጊዜ ብናውቅ ኖሮ ምናልባት ባላፈርን ነበር።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍላችሁ ያነሣሣኝም ያ ኀፍረት ነው። «የባላገር» እየተባለ የሚናቀው ዜማ በአዲስ መሣሪያና በፊልም ውስጥ ሙሉ ክብሩን ይዞ ሊኖር ይችላል ባይ ነኝ። ይህን ያሳመኑኝ የደቡብ ሕንድ የፊልም ሙዚቃ ሰዎች፣ ከእነርሱም ጋር የራሳችን ጎረቤት የሆነው የይፋቱ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው።

የሕንድ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሂንዲ ቋንቋ የሚሠራውን የቦምቤይን ፊልም ነው። ደቡቡ ግን በታሚል፣ በቴሉጉ፣ በከነዳና በማላያላም ቋንቋዎች የራሱን ፊልም ይሠራል፤ ለረጅም ዘመንም የሥራው ማዕከል ዛሬ ቼናይ የምትባለው የማድራስ ከተማ ነበረች። በፊልሞቹ ውስጥ ተዋናዩ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይዘፍንም፤ የሚዘፍነው በስቱዲዮ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ልማድ አንዳንድ ጊዜ ያስቀኛል። ጀግናው ሊሞት ትንሽ ሲቀረው ተነሥቶ አንድ ሙሉ ዘፈን ያሰማል፤ ታሪኩም እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ ይጠብቀዋል። ነገር ግን በዚህ ልማድ ምክንያት መልካቸው የማይታይ ዘፋኞች እንደ ተዋናዮቹ ሁሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተወደዱ። ዬሱዳስ የመጀመሪያውን የፊልም ዘፈኑን የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፈው ኤስ. ፒ. ባላሱብራማንያም ደግሞ ወጣት ሳለ የተማረው ምሕንድስና ነበር፤ የደቡቡን ጥንታዊ ሙዚቃ በሥርዓት አልተማረም። ይሁን እንጂ ሻንካራባረነም ስለ አንድ የጥንታዊ ሙዚቃ ሊቅ ሕይወት የሚተርክ ፊልም ሲሆን፣ በዚያ ፊልም በዘፈነው ዘፈን የአገሩን ብሔራዊ ሽልማት ተቀበለ። ሴቶቹን ፒ. ሱሺላንና ኤስ. ጃናኪን ደግሞ ፈልጋችሁ ስሙ፤ ስለ እነርሱ መጻፍ ብጀምር ገጹ አይበቃኝም።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን ኢላያራጃን ነው። ኢላያራጃ እ.ኤ.አ. በ1943 በታሚሎች አገር ከምዕራባዊው የጋት ተራሮች ግርጌ በምትገኝ ፓናይፑረም በምትባል መንደር ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በታላቅ ወንድሙ የሚመራ ተዘዋዋሪ የዘፈን ቡድን ውስጥ ገብቶ ከመንደር መንደር እየዞረ ዓመታት አሳለፈ። የአዝመራውን፣ የሠርጉን፣ የለቅሶውን ዜማ የተማረው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያም ማድራስ ገብቶ ዳንራጅ ከተባሉ መምህር ዘንድ የምዕራባውያንን ሙዚቃ በኖታ መጻፍና ማንበብ አጠና። እ.ኤ.አ. በ1976 «አናኪሊ» ለተባለው ፊልም የመጀመሪያ ሥራውን ሲያቀርብ የታሚል ገጠር ዜማ በቫዮሊንና በጊታር ታጅቦ በየመንደሩ ተሰማ። ገበሬው የራሱን ዜማ በሲኒማ ቤት አገኘው። ከዚያ ወዲህ ኢላያራጃ ከአንድ ሺህ በላይ ለሆኑ ፊልሞች ሙዚቃ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ለንደን ላይ በንጉሣዊው ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ሲምፎኒውን አስጫውቷል። የመንደሩን ከበሮ ከቫዮሊኖቹ አጠገብ ሲያስቀምጥ ከበሮው እንግዳ አይመስልም፤ ምክንያቱም አጃቢ ሆኖ የሚከተለው ቫዮሊኑ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት ሕንድ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ከመንዝ ደጋ በምሥራቅ በኩል ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው አገር ይፋት ነው። ጌታቸው መኩሪያ በዚያ በ1927 ዓ.ም. ተወለደ። በልጅነቱ በአገር ባህል መሣሪያ ጀምሮ ክላርኔትና ሳክስፎን ተማረ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ ከዚያም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወተ። ሆኖም ስሙን ያስጠራው የሠራባቸው ቦታዎች ብዛት አይደለም። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን ተጫወተ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ አስቡት። ሽላይ ልኩ የተቆረጠ ምት የለውም፤ ትንፋሹ እስካለ ድረስ ይወርዳል፤ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፤ ይጮኻል፤ ድንገት ዝም ይላል፤ እንደገና ይነሣል። ሳክስፎን ደግሞ በአውሮፓ የተሠራ፣ በኖታ እንዲታዘዝ የተደረገ የነሐስ መሣሪያ ነው። ጌታቸው ሽለላውን ለሳክስፎኑ ሲል አላስተካከለውም። ሳክስፎኑ እንደ ሽላይ እንዲተነፍስ፣ እንዲያጓራና እንዲያቃስት አደረገው። በዚያው ዘመን ገደማ በአሜሪካ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር በሳክስፎን ከታወቀው ሥርዓት ወጥተው ሲጮኹ የዓለም የሙዚቃ ጠበብት አዲስ ነገር ተገኘ አሉ። የእኛው ሰው ግን እነርሱን ሳይሰማ የአባቶቹን ፉከራ ይዞ በራሱ መንገድ ከዚያ አካባቢ ደርሶ ነበር። ሸክላው በ1960ዎቹ አጋማሽ ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ አገር በኢትዮፒክስ ተከታታይ 14ኛ ቁጥር ሆኖ እንደገና ወጣ። ይህን የሰሙ «ዘ ኤክስ» የተባሉ የኔዘርላንድ ሙዚቀኞችም ከእርሱ ጋር ተጫውተው «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 አወጡ። ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ መጫወቱን አልተወም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ፣ «ባህላዊው ዜማ ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር ሲቀላቀል ይበላሻል» የሚል ሰው ይኖራል። በከፊል እስማማለሁ። በአንድ ጣት በሚነካ ኪቦርድ ውስጥ የታሸገ የማሲንቆ ድምፅ ስሰማ ጆሮዬን ያመኛል። እኔ ካየኋቸው የአገራችን ፊልሞች ብዙዎቹ የሚያዘንቡብን ይህንኑ ነው፤ አንድ ገበሬ በፊልሙ ውስጥ ማረሻ ተሸክሞ ሲሄድ ከኋላው የሚሰማው የከተማ ሆቴል ሙዚቃ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የመቀላቀሉ አይመስለኝም። የቀላቀለው ሰው ዜማውን ከባለቤቱ ሄዶ አልተማረውም፤ ኢላያራጃ በየመንደሩ ያሳለፈውን ዓመት እርሱ አንድ ሳምንት እንኳ አላሳለፈም።

የተሻለውም መንገድ በእኛ ፊልም ተሞክሯል። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2008 ለቬኒስ የፊልም በዓል አቀረበ፤ የዳኞችን ልዩ ሽልማትም አገኘ። የፊልሙን ሙዚቃ ያዘጋጁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ኢትዮጵያዊው የሳክስፎን ተጫዋች ጆርጋ መስፍን ነው። ሁለተኛው ቪጃይ አይየር የሚባል የፒያኖ ተጫዋች ሲሆን፣ የተወለደው በአሜሪካ ነው፤ ወላጆቹ ግን ከደቡብ ሕንድ፣ ከታሚሎች ወገን የሄዱ ናቸው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የተሣሉት እነዚያ አምስት ነጥቦች ትዝ አሉኝ።

እናንተ ዛሬ ስልክ አላችሁ፤ ወይም ስልክ ያለው ወንድም አላችሁ። በመንዝ፣ በግሼም ሆነ በመርሐ ቤቴ የምትማሩ ከሆነ ለዕረፍት ወደ መንደራችሁ ስትመለሱ የአጨዳውን፣ የሠርጉን፣ የለቅሶውን ዜማ የሚያውቁትን አያቶቻችሁን አስፈቅዱና ቅዱ። ያዜመው ሰው ማን እንደሆነ፣ በምን ሥራ ላይ እንደሚዜም፣ ቀኑንና ቀበሌውን በደብተር ጻፉ። አንድ ቀን ፊልም የሚሠራ ሰው፣ ምናልባትም ከእናንተው አንዱ፣ ሊፈልገው ይችላል።

እኛ ይህን አላደረግንም። ያ የግሼ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። የነፋውን ዜማ መጀመሪያውን አስታውሳለሁ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ጠፍቶብኛል። የመምህራችን የካሴት ማጫወቻ ድምፅ መቅዳትም ይችል ነበር፤ ቀይ ቁልፉን ከአጥሩ ሥር ሆነን በየማታው እናየው ነበር።